አደግድጎ የሞተ ሰው

የወልደተንሣኤ ሬሳ ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ፣ ከገደሉ ሥር ሲገኝ ሸማው ወገቡ ላይ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ነበር፤ ደረቱ ባዶውን ለጉም ተሰጥቷል። ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ ፲፰፻፸፯ ነው። ወዲያው አፈርሳታ ተጣለ፤ ገዳዩ እስኪወጣ ድረስ ከመንደሩ ሰው አንድም ከሜዳው እንዳይነቃነቅ ታዘዘ። ይኸው ሦስተኛ ቀን። ጉሙ አልተገፈፈም፤ ጭላዳ ዝንጀሮው ጠባቂ ያጣውን ገብስ ይበላል፤ ሜዳው ላይ የታጎረው ሕዝብ እርስ በርሱ ይተያያል።

የአፈርሳታው ዳኛ አጋፋሪ ወልደአረጋይ ነበር። ሃያ ዓመት ከቤተ መንግሥት በር ላይ ቆሞ፣ ለግብር የመጣውን «ተመለስ፣ ይኼ የልቅሶ አለባበስ ነው» እያለ ሲያባርር የኖረ ሰው ነው። ዛሬም ለሰርግ ጥለቱ በየት በኩል ይውላል፣ አጭር ሴት ምን ያምርባታል ሲባል የሚጠየቀው እሱ ነው። ገዳይ ፈልጎ ግን አያውቅም።

የአገሩ ገዥ ባላምባራስ ተክለጊዮርጊስ ቀን ቆርጠውለታል። እስከ ማታ ሌላ ካልተገኘ ጣሰው በደሙ ለሟች ዘመዶች ይሰጣል። ጣሰው ከሟች ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረ ጎረቤት ነው፤ የፊጥኝ ታስሯል።

«የሬሳው አለባበስ እንዴት ታየህ?» አለው አጋፋሪ።

«እኔ ልሞት ነው፤ እርስዎ የሸማ ነገር ይጠይቁኛል?»

«መልስ።»

«እንደዚያ ለብሶ አይቼው አላውቅም። ብርድ አይችልም። ሲሰድበኝ እንኳ ተከናንቦ ነው።»

ቀጥሎ ሟችን በመጨረሻ ያየው ነጋዴው ዓወል ቀረበ።

«ከገበያ ስመለስ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ አገኘሁት። ወላሂ፣ ከዓይኑ በቀር የሚታይ አልነበረውም። ሰላም ስለው ሸማው ውስጥ ሆኖ አጉረመረመ። ሰው እጠብቃለሁ አለኝ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም።»

የሟች ሚስት ወለተሐና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባላምባራስ መሬታችንን ለጣሰው ፈረዱ፤ እኩሌታውን ለራሳቸው አስቀሩ። ባሌ ሰኞ አንኮበር ወጥቶ ንጉሥ ችሎት ሊጮህ ነበር።»

አጋፋሪ ወደ ባላምባራስ ድንኳን ሄደ። እንደ ደንቡ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ፣ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ደረቱን ገልጦ ቆመ። ብርዱ ጎኑን ወጋው።

«ጌታዬ፣ በሬሳው አለባበስ የገረመዎት ነገር ነበር?»

«ምን ይገርመኛል? እንደ ወትሮው ነው የለበሰው።»

አጋፋሪ እጅ ነሥቶ ወጣ። ደጅ ላይ ሸማውን ሊፈታ ሲል እጁ ቀጥ አለ። አሁን እሱም ወጥመድ ገባ፤ ቢናገር ገዥው አለ፣ ዝም ቢል የጣሰው ደም አለ።

ሳይመሽ ሁሉም ተሰበሰበ፤ ባላምባራስም ከድንኳናቸው ወጥተው ተቀመጡ።

«ወልደተንሣኤ ብርድ አይችልም» አለ አጋፋሪ። «ዓወል ሲያየው ተከናንቦ ነበር። ስለዚህ ሸማውን ወገቡ ላይ ያሰረው የሚጠብቀው ሰው ሲመጣ ነው። በዚያ ጉም ሰውን ደረቱን የሚያስገልጠው ምንድን ነው?»

«ጌታ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ወዲያው ተጸጸተ።

«ሰው የሚያደገድገው ለጌታው ነው። ለነጋዴ አያደገድግም። ለጣሰውስ?»

«ለእኔ?» አለ ጣሰው። «ለእኔ ቢያደገድግማ ደንግጬ ገደል የምገባው እኔ ነበርሁ!»

«ሬሳውን ያየ ሁሉ ተገርሟል። ያልገረመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወልደተንሣኤን አደግድጎ ካልሆነ በቀር አይቶት የማያውቅ ሰው። ስለዚህም ሸማውን ፈትቶ ማልበስ አልታሰበውም።»

ሕዝቡ ቀስ ብሎ ወደ ባላምባራስ ዞረ።

«ሁለት ጊዜ ተው አልሁት» አሉ ባላምባራስ። «ቢሰድበኝ ምንም አልነበረ። አደግድጎ፣ እጅ ነሥቶ፣ ‹ንጉሥ ይፍረዱን› አለኝ። አደግድጎ!» የተበደሉት እሳቸው ይመስል ዙሪያቸውን አዩ።

አጋፋሪ የጣሰውን ገመድ ፈታ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ያወቀ የለም፤ ወታደሮቹም መሬት መሬት ያያሉ። ወለተሐና ተነሣች። ከሳሽ ተከሳሹን ልብስ ለልብስ ቋጥሮ ወደ ችሎት እንደሚወስደው፣ የነጠላዋን ጫፍ ከባላምባራስ ካባ ጫፍ ጋር አሰረችው።

«ቀስ በዪ» አሉ ባላምባራስ፤ «ሐር ነው።»

«ዳገቱ ረጅም ነው፣ ጌታዬ» አለች ቋጠሮውን እየደገመች።