ያልተሰማችው አቻምየለሽ

ከአቃቂ ድልድይ ወረድ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሰይፈሥላሴ የሚባሉ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ነበሩ። ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ሁለት ልጅ ይታጨቃል፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ይደርሳል። እሳቸው ግን ከመጽሐፉ የበለጠ ያውቁ ስለነበር ግድ አልነበራቸውም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ደጅ አይጠፉም። ያነበቡትን ደግሞ እንደ ሰፈር ወሬ አጣፍጠው ነበር የሚያወሩት። የፈርዖኖቹን መቃብር፣ የባቢሎንን ግንብ፣ የሐሙራቢን ሕግ፣ የሮምን መነሣትና መውደቅ ሲተርኩ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሐኒባል ዝሆኖቹን እየነዳ ተራራ ለተራራ እንዴት እንደተሻገረ ሲናገሩማ፣ በረዶ አይቶ የማያውቀው የአቃቂ ልጅ ሁሉ እንደበረደው ትከሻውን ሰብሰብ ያደርግ ነበር።

ክፉ ሰው አልነበሩም። አንድ ጉድለት ግን ነበረባቸው፤ እሱም ምላሳቸው ነው። ልጅ ሲያጠፋ በአለንጋ የሚገርፉት ሌሎች መምህራን ናቸው፤ እሳቸው የሚገርፉት በቀልድ ነበር። የአለንጋ ሰንበር በሳምንቱ ይጠፋል። የእሳቸው ቀልድ ግን ቅጽል ስም ሆኖ ልጁን ሰፈሩ ድረስ ይከተለዋል።

በዚያ ዓመት ስድስተኛ ክፍል ውስጥ አቻምየለሽ ተሰማ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቁመቷ ረዘም ስለሚል መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል። እስከ አራተኛ ክፍል ከደህናዎቹ ተማሪዎች አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ውጤቷ እያሽቆለቆለ መጣ። ትምህርቱን ከመምህራኑ አፍ ሳይሆን አጠገቧ ከምትቀመጠው ከእድላዊት ደብተር ነበር የምትገለብጠው።

አባቷ አቶ ተሰማ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስለበላው ቤታቸው ውስጥ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው፤ ራዲዮኑም የሚከፈተው እስከ መጨረሻው ነው። ጎረቤቶቻቸው «እነተሰማ ቤት ሐሜት የለም፤ ቢያሙም መንደሩ ይሰማል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስለዚህ ልጅቷ ጆሮዋ እየደከመ ሲሄድ እቤቷ ውስጥ ያስተዋለ ሰው አልተገኘም። እሷም ራሷ አላወቀችም። ሰው ሁሉ እንደሷ የሚሰማ ይመስላት ነበር። ሌሎቹ ልጆች መልስ የሚያውቁት ከእሷ የበለጠ ስለሚሰሙ እንጂ ከእሷ የበለጠ ጎበዞች ስለሆኑ እንዳልሆነ ማን ይንገራት?

አንድ የጥቅምት ጠዋት መምህር ሰይፈሥላሴ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው እየጻፉ፣ ስለ ሐኒባል ያስተማሩትን መጠየቅ ጀመሩ።

«በዝሆን የተሻገራቸው ተራሮች፣ እስቲ፣ ማን ይባላሉ?» አሉ፤ መጨረሻውን ሲናገሩ ዞር ብለው ጣታቸውን ወደ ኋላ ቀሰሩ። «አንቺ! ረጅሟ!»

እድላዊት በክርኗ ነካ አደረገቻት። አቻምየለሽ ብድግ አለች። ከመምህሩ ከንፈር ላይ የያዘችው የመጨረሻዎቹን ቃላት ብቻ ነበር፤ ስሟን የጠየቋት መሰላት።

«አቻምየለሽ ተሰማ» አለች በትሕትና።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩም ቀልዱ አፋቸው ላይ መጣላቸው፤ ሊመልሱትም አልፈለጉም።

«እውነትሽን ነው የኔ ልጅ! አቻም የለሽ! በድንቁርና አቻም የለሽ!»

ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። አቻምየለሽ ዙሪያዋን ብታይ ሁሉም ሰው ይስቃል። እሷም አብራ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ደንቆሮዋ» ሆነ።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ታጁ የሚባል የስልጤ ልጅ ሱቅ ነበረው። ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሳሙናና ሻማ ይሸጣል። መምህሩ ከሥራ ሲወጡ ጎራ እያሉ መጫወት ይወዳሉ። አንድ ቀን ታጁ ዕቃ እያወረደ እንዲህ አላቸው፦

«ጋሼ፣ ያቺ የጋሽ ተሰማ ልጅ እኮ አትሰማም።»

«ምክር ነው የማትሰማው?»

«የለም፣ በጆሮዋ ነው የምልዎት። ፊቴን አዙሬ ዕቃ ሳወርድ ባናግራት ዝም ትላለች። ወደሷ ስዞር ደግሞ ቶሎ ትመልሳለች። አፌን ነው የምታየው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሆን ብዬ ሞክሬያታለሁ። ሐኪም ቢያያት ጥሩ ነው።»

መምህር ሰይፈሥላሴ ሳቁ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው? እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አስተምሬያለሁ። ስንፍናን ከሩቅ አውቀዋለሁ።»

ታጁ ከእሳቸው ጋር መከራከሩን አልወደደውም። «እርስዎ ያውቃሉ ጋሼ» ብሎ ወደ ዕቃው ተመለሰ።

ታኅሣሥ ላይ የልጅቷ ውጤት ስለወደቀ ወላጅ ተጠራ። የመጡት እናቷ ወይዘሮ ፀሐይቱ ነበሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው በመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሙ።

«ትኩረት የላትም። ስጠራት አትመልስም፤ ስትመልስም ያልተጠየቀችውን ነው» አሏቸው መምህሩ።

«ጆሮዋን ያማታል መምህር። ያኔ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት ከተነሣች ወዲህ መግል ያወርዳል። ዘይት እያሞቅሁ ጠብ አደርግላታለሁ፣ በጥጥ እወትፈዋለሁ። ጎረቤቶቼ ስታድግ ይተዋታል አሉኝ። አሁን ግን ባሰባት መሰለኝ። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ይሆን?»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ደወሉ ሊደወል ነው። «ጆሮውን የማያመው ልጅ የት አለ? እሷን የሚያስፈልጋት ሐኪም ሳይሆን ቁጥጥር ነው። ማታ ማታ ደብተሯን ይዩላት።»

ወይዘሮ ፀሐይቱ አመስግነው ሄዱ። የተማረ ሰው የነገራቸውን ይዘው ሄዱ።

የካቲት ሲገባ መምህር ሰይፈሥላሴ ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ፣ በየዓመቱ የሚወዱትን ትምህርት አስተማሩ። በዓለም ታሪክ ውስጥ ስማቸው ስለተጻፈ ሰዎች ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው በደንብ አይሰማ ስለነበረው ስለ ኤዲሰን ነገሯቸው። ቀጥለው ወደ ቤትሆቨን አለፉ። ይህ ጀርመናዊ የሙዚቃ ሊቅ ገና በወጣትነቱ ጆሮው እየደከመ እንደሄደ፣ ማፈሩንና ከሰው መሸሹን፣ በመጨረሻም ጨርሶ መስማት ሳይችል ታላቅ ሙዚቃ እንደደረሰ አወሩ። በወንበሮቹ መካከል ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ አንዴ መስኮቱን አንዴ ጣሪያውን እያዩ ነበር የሚናገሩት።

«ሙዚቃው አለቀ። ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭባል። እሱ ግን ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ እንደቆመ ነው። ጭብጨባው አልተሰማውም! በኋላ ከዘፋኞቹ አንዷ እጁን ይዛ አዞረችው። ያኔ ነው እጆቹን ሁሉ ያያቸው።»

ክፍሉ ውስጥ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ልጅ አልነበረም። የመምህሩም ድምፅ ተሰብሯል። መጨረሻው ወንበር ላይ አንዲት ልጅ የእያንዳንዱን ጓደኛዋን ፊት በየተራ ታይ ነበር። ምን እንደተባለ አልገባትም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ አቻምየለሽ ትምህርት ቤት አልመጣችም። መምህሩ ስም ሲጠሩ «ቀሪ» እያሉ ምልክት አደረጉ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አሥር ቀን። በአሥራ አንደኛው ቀን እድላዊት እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አቻም ሆስፒታል ናት። ከጆሮዋ ጀርባ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት፣ ሰውም አታውቅም ነበር።»

በማግሥቱ ቅዳሜ መምህሩ የመጽሐፍ ነጋዴዎቹን ትተው በሳሪስ በኩል በሚኒባስ ወደ ከተማ ወጡ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወይዘሮ ፀሐይቱ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዲት ወጣት ሐኪም ወደ ክፍሉ ልትገባ ስትል መምህሩ አስቆሟትና አስተማሪዋ መሆናቸውን ነገሯት።

«መግሉ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን አጥንት በልቶታል። ከዚያ አልፎ ወደ አንጎሏ ሽፋን ደረሰ» አለቻቸው። «ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሕይወቷ ተርፏል። መስማቱን ግን ሁለቱም ጆሮዎቿ አጥተውታል። አይመለስም።»

«ቀደም ብላ ብትመጣስ ኖሮ?»

«ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብትል በመድኃኒት ይደርቅ ነበር። ከሁለት ሦስት ወር በፊት እንኳ ብትመጣ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር። ዘይት በሚፈስ ጆሮ ውስጥ አይጨመርም። ለእናቶች ይህን የሚነግራቸው ሰው የለም።»

ሐኪሟ ገባች። መምህሩ ከወይዘሮ ፀሐይቱ አጠገብ ተቀመጡ። እናትየው ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«መምህር፣ ያን ቀን ሐኪም ቤት ልውሰዳት ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ። ጎረቤት ሌላ ቢለኝም እርስዎን ነበር የማምነው። ውሰጃት ቢሉኝ እወስዳት ነበር።»

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ቢቆጧቸው ለመምህሩ ይሻል ነበር። መምህር ሰይፈሥላሴ ስለ ወደቁ ነገሥታት፣ ስለ ጠፉ ከተሞች ሲያስተምሩ የሰው ልጅ ታላላቆቹን በሕይወት ሳሉ አያውቃቸውም እያሉ ያዝኑ ነበር። አሁን ግን ከመስከረም ጀምሮ ዓይናቸው ሥር የቆየችውን አንዲት ልጅ እንዳላዩ ገባቸው።

ግንቦት ላይ አቻምየለሽ ከሆስፒታል ወጥታ እቤቷ ነበረች። መምህሩ አዲስ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ሄዱ። ልጅቷ ራሷን በሻሽ አስራ ደጅ ፀሐይ ትሞቃለች። ከጎኗ ተቀምጠው በትልልቅ ፊደል ጻፉላት፦ «ይቅርታ አድርጊልኝ። እንደማትሰሚ ማወቅ ነበረብኝ።»

አነበበችው። እስክሪብቶውን ተቀብላ ቀስ እያለች ጻፈች።

«ቲቸር፣ የሚያወሩት ነገር ጥሩ እንደሆነ ከልጆቹ ፊት አውቅ ነበር። ሲስቁ እስቃለሁ። ሲያዝኑ ግን ምን ሆነው እንደሆነ አላውቅም።»

ከሥሩ ደግሞ አንድ መስመር ጨመረች።

«ስሜን ስናገር ለምን ነበር የሳቁት?»

መምህሩ እስክሪብቶውን ያዙ። «ጥፋቱ የእኔ ነበር» ብለው ብቻ ጻፉ። አቻምየለሽ አነበበችው፤ ሌላ መስመር እንዲጨምሩ ጠበቀች። አልጨመሩም። ደብተሩን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ከቱሉ ዲምቱ በኩል የመጣው ገበሬ ሁሉ ተቀምጧል። አቶ ተሰማና ወይዘሮ ፀሐይቱም ከኋላ አሉ። ርእሰ መምህሩ የዓመቱን ውጤት ካነበቡ በኋላ መምህር ሰይፈሥላሴ ልናገር ብለው ጠየቁና ወደ ፊት ወጡ። የሆነውን ከጥቅምት ጀምሮ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ቀልዳቸውን፣ ታጁን ማሾፋቸውን፣ እናትየውን መመለሳቸውንም አልደበቁም።

«በቋንቋችን ጆሮው የማይሰማውንም፣ ትምህርት ያልገባውንም በአንድ ስድብ ደንቆሮ እንላለን» አሉ። «እኔ መምህር ሆኜ ሁለቱን ሳልለይ ቀረሁ። ወላጆች፣ የልጅ ጆሮ መግል ካወረደ ሲያድግ አይተወውም፤ ጆሮውን ይዞት ነው የሚሄደው። ዘይት አትጨምሩ። ጎረቤትንም፣ እንደ እኔ ያለውን መምህርም አትስሙ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጅ ተጠርቶ ዝም ካለ፣ ቴሌቪዥን ሥር ከተጣበቀ፣ አፍ አፋችሁን ካየ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ከጀርባው ቆማችሁ ስሙን ጥሩት። እናንተም የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ሰምቶ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ከእንግዲህ በየመስከረሙ የማስተምረውን ልጅ ሁሉ ጆሮ አንድ በአንድ ሳልፈትን ትምህርት አልጀምርም። ለአቻምየለሽ ግን አልደረስኩላትም። ቤተሰቦቿን በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጎንበስ አሉ።

ከኋላ አቶ ተሰማ ወደ ሚስታቸው ዘንበል አሉ። ንግግሩ አልተሰማቸውም ነበር።

«ምን አለ?»

ወይዘሮ ፀሐይቱ ፊት ለፊታቸው ዞረው፣ ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው «ይቅርታ አጠፋሁ አለ» አሏቸው።

አቶ ተሰማ ወደ ሚስታቸው ጆሮ ጠጋ ብለው መለሱ። ያንሾካሾኩ መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን የራሳቸውን ድምፅ የማይሰሙ ሰው ስለሆኑ ቃላቸው እስከ መድረኩ ደረሰ።

«በምትሰማ ጊዜ አንድ ደግ ቃል ቢነግራት ጥሩ ነበር።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው ገና ሳይከፈት፣ አሥራ አንድ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር።