አንዴ ብቻ የተሰማ ሳል

ኢንስፔክተር መንበረ ተጠርታ ፀዳ ከተማ ስትደርስ፣ የመምህር አላምረው አስከሬን ከቤቱ የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጋቢ ተሸፍኖ ነበር። ወደ ውስጥ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቴፕ ስትከፍተው ደረቅ ምት ተሰማ። ጧ… ጧ… ጧ… ሳታውቀው አማተበች።

«ኮከብ ነው» አለቻት ፈህሚያ ከበሩ ሳትርቅ። «ፐልሳር ይባላል። የሞተ ኮከብ ሲሽከረከር የሚልከው ምት ነው።»

መምህሩ፣ ፈህሚያና ክንዱ የሚባል የሰፈሩ ሰው ስለነዚህ ኮከቦች የሬዲዮ ዝግጅት እያሰናዱ ነበር። አሁን ግን የፈህሚያ ወንድም ጃቢር በግድያው ተጠርጥሮ ታስሯል። ጎረቤት የዐስር ሶላት አዛን ካበቃ ጥቂት ቆይቶ የመውደቅ ድምፅ ሰምታለች፤ ቆየት ብሎ ጃቢር እጁ ደም ነክቶት ሲሮጥ አይታዋለች። እሱ መምህሩን ወድቆ እንዳገኘውና ሰው ሊጠራ እንደሮጠ ቢምልም ያመነው አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መንበረ መስጊዱ ጥግ ወዳለው የክንዱ ቤት ሄደች። ክንዱ ያን ሰዓት እዚሁ ቤቱ ሆኖ ንባቡን ሲቀዳ እንደነበር ነግሯት ካሴቱን ከፈተላት።

«የጠፈር መንኮራኩር ከምድር ሲርቅ መንገድ የሚነግሩት ፐልሳሮች ናቸው» ይላል ድምፁ። «የእያንዳንዱ ምት መድረሻ ሰዓት አስቀድሞ ይታወቃል። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ከደረሰው፣ ከዚያ ተነስቶ ያለበትን ቦታ ያገኛል።»

ከንባቡ ሥር አዛን ይሰማል፤ መሃሉ ላይ ሳል።

«ሳሉን ሰሙልኝ? አዛን አድራጊውን ሼህ ዐብደላን ያሳላቸው የዚያን ዕለት ብቻ ነው፤ ይጠይቋቸው።»

ይህን ሲል የዕለቱ አዛን ተጀመረ። እያንዳንዱ ቃል ከማዶ ተመልሶ ዳግም ይሰማል።

«ምነው ሁለት ሆነ?» አለች መንበረ።

«ሁለት ድምፅ ማጉያ ነው፤ አንዱ ሚናራው ላይ፣ ሌላው ከኮረብታው ማዶ። የተያያዙት በአንድ ሽቦ ነው። የማዶው እየዘገየ ይደርሳል፤ ለምደነዋል» ብሎ ሳቀ።

መንበረ ብዙ አትናገርም፤ ትሰማለች። በሦስተኛው ቀን፣ በዐስር ሰዓት፣ ከሟች ግቢ ዐይኗን ጨፍና ቆመች። አዛኑ ከግራም ከቀኝም መጥቶ ጆሮዋ ላይ አንድ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ክንዱን፣ ፈህሚያንና ሼህ ዐብደላን በሟች ሳሎን ሰበሰበች። ጃቢርም እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። መንበረ የክንዱን ካሴት ከፈተችና ሳሉ ላይ ስትደርስ አቆመችው።

«ሼህ ዐብደላ፣ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ጉሮሮዬ ምስክር ይሆናል ብዬ መች አሰብሁ።»

«ማጉያዎቹ ያን ቀን ይሠሩ ነበር?»

«ሁለቱም።»

«አቶ ክንዱ፣ ቤትዎ ውስጥ ተቀድቶ ቢሆን ሳሉ ሁለቴ በተሰማ ነበር። እዚህ ያለው አንድ ነው። አንድ የሚሆነው ከሁለቱ ማጉያ እኩል ርቀት ላይ ነው፤ እዚያ መካከል ያለው ቤት ደግሞ ይኸው ነው። ያነበቡትን ልብ አላሉትም እንጂ፣ የት እንደነበሩ ራስዎ ነግረውኛል።»

ክንዱ ላቡን ጠረገ። «ያነበብሁት…»

«ያነበብኸው የእኔን ጽሑፍ ነው» አለች ፈህሚያ ቀስ ብላ።

ያኔ ክንዱ ተናገረ። ጽሑፉን በራሱ ስም ሊያስተላልፈው ነበር። ካሴቱን ቀድቶ እንደጨረሰ መምህሩ የጻፈችው ፈህሚያ መሆኗን በሬዲዮ እናገራለሁ አሉት፤ እየተጨቃጨቁ ደረጃው አፋፍ ደረሱ፤ ገፋቸው።

«ወዲያው አልሞቱም» አለ። «ጃቢር ይመጣል ብለው ነበር። ‹ጃቢር፣ ጃቢር› እያሉ ድምፃቸው እየቀጠነ ሲሄድ ጥያቸው ወጣሁ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ጃቢር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«አያ አላምረው ከዐስር በፊት ና ብሎኝ ነበር» አለ። «መንገድ ላይ አዛኑ ደረሰብኝ። ሰግጄ ልሂድ ብዬ መስጊድ ገባሁ፤ አፍሬ ይህን ለማንም አልተናገርሁም።» ወደ ክንዱ ዞረ። «ስንት ጊዜ ጠራኝ?»

ክንዱ አቀረቀረ። ሼህ ዐብደላ የጃቢርን ትከሻ ያዙ። የጃቢር እጆች ተፈትተውም አልተለያዩም፤ እንደታሰሩ ሆነው ጭኑ ላይ ቀሩ።