ክዳኑ ወደ ላይ

ዶክተር ባምላክ እሑድ ጠዋት እንጅባራ ባለው የአፈር ምርምር ማዕከል፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ምሥራቅ ስትደርስ የማዕከሉ ዳይሬክተር ዶክተር ነጋ ከረባታቸውን አሳምረው አስረው በር ላይ ጠበቋት።

«አደጋ ነው፤ ደረጃው እርጥብ ነበር» አሏት፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጧት። «ታላቅ ተመራማሪ አጣን። ስንት ጥናት አብረን አሳትመናል!»

«አብራችሁ?»

«እንዴታ! የሁሉም ጥናት ቀዳሚ ስም እኮ የኔ ነው።»

ምሥራቅ ብዙ አልቃሽ አይታለች፤ ለፎቶ የሚያለቅሰው ግን ከሩቅ ይሸታታል። ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለች። የነጭ ጋዋኑ አንገትጌ ከኋላ ተቀዷል። አንሸራቶት የወደቀ ሰው አንገትጌው ከኋላ አይቀደድም።

«ሰው ይዞታል» አለች።

ነጋ ወዲያው ዘፈናቸውን ቀየሩ። «እንግዲያው ባልደረባውን ዶክተር ሕይወትን ጠይቂያት። እኔ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወደ ዳንግላ ስሄድ ደህና ነበር። ማታ ሲሠራ እንደነበር የባክቴሪያ ሳህኖቹ ይመሰክራሉ፤ ማታ ግቢው ውስጥ የነበረችው እሷ ናት።»

ምሥራቅ ቤተ ሙከራው ውስጥ የባክቴሪያ ማሳደጊያውን ሣጥን ከፈተች። «ቅዳሜ ማታ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጥቂት የብርጭቆ ሳህኖች ከፊት ተደርድረዋል። ከኋላቸው ያሉትንም ልብ ብላ አየቻቸውና ሣጥኑን ዘጋችው።

የባምላክ የሥራ ባልደረባ ዶክተር ሕይወት ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ከሟቹ ጋር ይጣሉ ነበር ይባላል» አለቻት ምሥራቅ።

«በየቀኑ! ዕድሜውን የፈጀው አንዲት ባክቴሪያ ላይ ነው። ለከሰል ከሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ሥር አግኝቷት፣ አሲዳማ አፈራችን ላይ ሰብል እንድትመግብ ዘረመሏን ሲያጠና ኖረ። ነጋ ያንን በራሳቸው ስም ብቻ ለኅትመት ላኩት። ባምላክ ዝም ሲላቸው እበሽቅበት ነበር። ዓርብ ዕለት ግን ‹ሰኞ ባሕር ዳር ሄጄ እከሳቸዋለሁ› አለኝ።»

«ቅዳሜ ማታስ?»

«ችግኝ ላጠጣ መጣሁ። ቤተ ሙከራው ጨለማ ነበር፤ አልገባሁም።»

ምሥራቅ ወደ ዳንግላ ወረደች። የዘርና የማዳበሪያ ነጋዴው ዑስማን ባክቴሪያዋን አባዝቶ ለገበሬው ሊያቀርብ ከባምላክ ጋር ተስማምቶ ነበር።

«ዶክተር ነጋ ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው ነበር» አለ። «ውሉን ከኔ ጋር እንፈራረም፤ ባምላክ ከእንግዲህ አይመጣም አሉኝ። ገረመኝ። በዚያው ጠዋት ነገ እመጣለሁ ብሎ ደውሎልኝ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ሦስቱንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለነጋና ለሕይወት አንድ አንድ ሳህን ሰጥታ «ሣጥኑ ውስጥ አስገቡልኝ» አለች።

ሕይወት ገልብጣ፣ ክዳኑን ወደ ታች አድርጋ አስቀመጠች። ነጋ «ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው!» እያሉ እንደ ሾርባ ሳህን ቀጥ አድርገው አስቀመጡት።

«ለምን ገለበጡት?» ስትል ሕይወትን ጠየቀቻት።

«ሲሞቅ ክዳኑ ያልበዋል። ወደ ላይ ከሆነ ውሃው ጠብ ብሎ ባክቴሪያውን ያላቁጠዋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።»

«የባምላክ ሳህኖች በሙሉ የተገለበጡ ናቸው» አለች ምሥራቅ። «‹ቅዳሜ ማታ› የተባሉት ብቻ ክዳናቸው ወደ ላይ ነው፤ ውሃም አቁረዋል። ስለዚህ ያስቀመጣቸው እሱ አይደለም። ባምላክ ማታ በሕይወት እንደነበር ሊያስመስል የፈለገ ሰው ነው። የዚህ ቤት ቁልፍ የነበራቸው ሟቹ፣ ሕይወትና እርስዎ፣ ዶክተር ነጋ፣ ብቻ ናችሁ። ሕይወት ብትሆን ትገለብጠው ነበር። እርስዎ ግን ይህን አያውቁም። እኩለ ቀን ላይ ደረጃው አፋፍ ላይ ከባምላክ ጋር ተጣላችሁ፤ እከስዎታለሁ ሲልዎት አንገትጌውን ከኋላ ይዘው ወረወሩት። ሳህኖቹን አስገብተው ዳንግላ ሄዱ። እዚያም ማንም ሞቱን ሳያውቅ፣ እንደማይመጣ ለዑስማን ነገሩት።»

«እኔ... እኔ የአስተዳደር ሰው ነኝ! ሳህን ማስቀመጥ የኔ ሥራ አይደለም!»

«ጥናቱ ግን የእርስዎ ነበር» አለች ሕይወት ቀስ ብላ። ዑስማን ፊቱን አዞረ።

ነጋ ካቴና ሲገባባቸው ድምፃቸው ሰለለ። «እባክሽ እህቴ፣ እጄን በኮቴ ሸፍኝልኝ፤ ሠራተኞቼ ያዩኛል።»

ምሥራቅ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳችው። ሰው ገድለው ውል ሊፈርሙ ሲሮጡ ያላፈሩ ሰውዬ አሁን ገና አፈሩ። መልሳ አስቀመጠችው።

«ይዩዎት» ብላ በሩን ከፈተችው። «እስከ ዛሬ የሚያውቁት ስምዎን ብቻ ነው።»