መስመር የሌለው ዳቦ

ፈርሂያ የድስቱን ክዳን ከላዩ ካለው ፍም ጋር በጨርቅ ይዛ ከፍ አደረገችና አጮልቃ አየች። ወዲያው መልሳ ከደነችው። ምናልባት በደንብ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል ብላ ደግማ ከፈተችው። ያው ነው። ዳቦው በአንድ ወገኑ አብጧል፣ በሌላ ወገኑ ተኝቷል፤ መሀሉ ተሰንጥቋል፤ ዙሪያውን የታጠፈው ኮባ ደግሞ ከሰል ሆኗል።

«ወላሂ፣ ይኼስ ዳቦም አይደለ» አለች ለራሷ።

ከቤት ውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ፈርሂያ! ልምጣና ልርዳሽ እንዴ የኔ ማር?»

«እንዳትመጪ! ቃል ገብተሽልኛል!»

«እሺ፣ እሺ፣ ተቀምጫለሁ።»

እናቷ ሀያት ከጅዳ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ፈርሂያ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ሄዳ፣ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ መመለሷ ነው። ሰሞኑን መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ያለ ዘመድ ሁሉ እንኳን ደህና መጣሽ ለማለት ሲጎርፍ ነበር የከረመው። ዛሬ የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ነው። ትናንት ማታ ሀያት ልጇን አቅፋ፣ «ነገ የማፈጥረው በአንቺ ዳቦ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብላለች።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈርሂያ በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜዋ እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ አንድም ዳቦ ጋግራ አታውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው የክፍል ጓደኛዋ ሰርካለም፣ የቄስ ኒቆዲሞስ ልጅ፣ አንድ ቀን ራሷ የጋገረችውን ትኩስ ዳቦ ይዛላት መጣች። ፈርሂያ ፎቶ አነሳችውና በኢሞ ለእናቷ ላከችው። ከሥሩ «ዳቦ» ብላ ብቻ ጻፈች። መልሱ በድምፅ መጣ። «ልጄ ዳቦ ጋገረች! ማሻአላህ! ልጄ አደገችልኝ!» ሀያት አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች። ፈርሂያ «እኔ አይደለሁም» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ሰረዘችው። ያንን ደስታ መንካት እንዴት ይቻላል? ከዚያ ወዲያ ሰርካለም በጋገረች ቁጥር ፎቶ ይነሳል፣ ጅዳም ይሄዳል።

አባቷ አሕመድኑር ዳቦውን እየበላ ሁሉንም ያይ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ «ማን ነው የጋገረው ብላ እናትሽ ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽም» አላት። ሀያት ግን አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

የጓሮው በር ተንኳኳ። ሰርካለም ነበረች፤ በነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ደብቃለች።

«አሳይኝ» አለች ገና ሳትገባ።

«አላሳይሽም።»

ሰርካለም ክዳኑን ራሷ ከፈተችው። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሳቂ፣ ምን ታፍኚዋለሽ!» አለቻት ፈርሂያ። እንዲያ ስትል ራሷንም ሳቅ ቀደማት። ሀያት እንዳትሰማቸው ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብለው፣ እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁ።

«ለመሆኑ ጨው ጨምረሽበታል?» አለች ሰርካለም ዓይኗን እየጠረገች።

«ጨምሬያለሁ... መጀመሪያ ረስቼው፣ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

«ካቦካሽ በኋላ? በደንብ አሽተሽዋል?»

«ትንሽ።»

«ቅመሺው በቃ!»

«ጾም ነኝ እኮ! አንቺ ቅመሺልኝ።»

«እኔስ? ሁዳዴ ከሰኞ ጀምሮ ገብቷል። ይህን ሳምንት እኛ ቤት እስከ ማታ ነው።»

ተያዩና እንደገና ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሆነ። በዚያች ሰዓት በሁለቱም ቤት ያንን ዳቦ ሊቀምስ የሚችል ሰው አልነበረም።

ሰርካለም ነጠላዋን ገለጠችና ይዛ የመጣችውን አሳየች። ክብ፣ ቡናማ፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ዳቦ ነበር። አናቱ ላይ እንደ ሁልጊዜው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጡ ሁለት መስመሮች አሉበት። ፈርሂያ እነዚያን መስመሮች ትወዳቸዋለች፤ ዳቦውን አራት ቦታ ለመቁረስ የሚመቹ ናቸው።

«ለዚህ ነው የመጣሁት» አለች ሰርካለም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይቺን አንቺ አቅርቢ። ያንቺን እኔ ይዤው እሄዳለሁ። ማንም አያውቅም፤ አይደብርሽ።»

ፈርሂያ አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች። እፎይ አለች። «ቆይ፣ ሳህን ላምጣ» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ሀያት ምንጣፉን አንጥፋ፣ ቴምሩን ደርድራ ጨርሳለች። ጭኗ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበት ትልቅ ነጭ ሳህን ይዛ በሻሽዋ ጫፍ ትወለውላለች።

«ይህችን ያዢ» አለቻት። «ማዳም ቤት ሳህን ሞልቷል፤ ይህች ግን የራሴ ናት። ልጆቹ ‹ለምንሽ ነው?› ሲሉኝ፣ ‹ልጄ ለምትጋግርልኝ ዳቦ› እላቸው ነበር። ሻንጣ ውስጥ እንዳትሰበርብኝ ብዬ አውሮፕላን ላይ ታቅፌያት ነው የመጣሁት።»

ፈርሂያ ሳህኑን ተቀበለች። ከባድ ነበር። እስከ ጓሮው በር ድረስ በሁለት እጇ ይዛው ሄደች። ምድጃው አጠገብ ሁለቱ ዳቦዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ለሠርግ የተዘጋጀ ይመስላል፣ ሌላው በቅሎ የረገጠው።

«በይ፣ ልቁረሰው ወይስ ሙሉውን ታስገቢዋለሽ?» አለች ሰርካለም።

«ሰርኬ፣ ያንቺን ይዘሽ ግቢ።»

«ምን ሆንሽ? አበድሽ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው የኔን ነው። የኔ ደግሞ ይኸው ነው፣ ምን ላድርገው?»

«ፎቶዎቹስ? ስትጠይቅሽ ምን ልትያት ነው?»

«እውነቱን እነግራታለሁ።» ፈርሂያ ሳህኑን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። «ብትቀየመኝም ትቀየመኝ።»

ሰርካለም ትንሽ አየቻትና ጠማማውን ዳቦ ብድግ አደረገችው። የተቃጠለውን ኮባ በጥንቃቄ ላጠች፤ የጠቆረውን ጠርዝ በቢላዋ ፋቀች፤ የተሻለው ወገን ወደ ፊት እንዲሆን አዙራ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። «አሁን ትንሽ ሰው መሰለ» አለችና የራሷን ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች።

አዛን ሲሰማ ሦስቱም «ቢስሚላህ» ብለው ቴምር ቀመሱ፣ ውሃ ጠጡ። ፈርሂያ ሳህኑን አምጥታ መሀል ላይ አስቀመጠችው። አሕመድኑር ዳቦውን አየ፣ ልጁን አየ፣ የውሃ ብርጭቆውን አነሳ። ሀያት ግን ዓይኗን ከዳቦው ላይ ሳትነቅል ቆየች።

«እማ» አለች ፈርሂያ። «እነዚያ የላክሁልሽ ፎቶዎች...»

«መስቀሉስ?» አለች ሀያት።

«የምን መስቀል?»

«አናቱ ላይ የሚሰመረው ነዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ የላክሽልኝ ዳቦ ሁሉ መስቀል ነበረበት።»

አሕመድኑር ውሃው ትን አለው። ፈርሂያ ደርቃ ቀረች። ሰርካለም እናቷ ስታደርግ እያየች ያደገችውን፣ ሊጡ ምድጃ ላይ ከመውጣቱ በፊት በቢላዋ ጀርባ የምታሰምረው መስቀል መሆኑን ፈርሂያ ያስተዋለችው አሁን ነው።

«እኔ እኮ መቁረሻ መስሎኝ ነበር!» አለች።

ሀያት ከዚያ በላይ ራሷን መያዝ አልቻለችም። ምንጣፉን በመዳፏ እየመታች ሳቀች። አሕመድኑር እየሳለ ሳቀ። ከጅዳ ከመጣች ጀምሮ እናቷ እንዲህ ስትስቅ ፈርሂያ አላየቻትም።

«ስለዚህ ታውቂ ነበር? ከመቼ ጀምሮ?»

«የመጀመሪያውን ቀን እውነት መስሎኝ አለቀስሁ። ማታ ፎቶውን ሳጎላው ግን መስቀሉን አየሁት። ‹የኛ ቤት ዳቦ መስቀል የሚሰመርበት ከመቼ ወዲህ ነው?› አልሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሀያት ሳቋ በረደ። የልጇን እጅ ያዘች። «ምንም አልመሰለኝም ብልሽ ውሸት ነው፤ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ቆይቼ ግን የቄስ ኒቆዲሞስ ቤት ልጄን ትኩስ ዳቦ ያበላልኛል፣ ብቻዋን አይደለችም አልሁ። ልቤ ያረፈው ያኔ ነው። የራስሽን ደግሞ አንድ ቀን ታሳዪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ።»

«አላማረልኝም እኮ፣ እይው» አለች ፈርሂያ፤ እንባዋ መጣ፣ ግን ፈገግ ብላ ነበር።

«እስቲ መጀመሪያ እንቅመሰው።» ሀያት ከፊቷ ካለው ወገን ቆረሰች፤ አላመጠች። «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው። ጨው ብቻ ረስተሻል።»

«ረስታለች?» አለ አሕመድኑር ከወዲያኛው ወገን የቆረሰውን በአፉ ይዞ። ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። «የቤቱ ጨው በሙሉ እዚህ ነው ያለው!»

«ሰርካለምን ጥሪያት» አለች ሀያት ሳቋን እያፈነች። «ሁለት ዓመት ያላመሰገንኋት ልጅ ናት። ዳቦዋንም ይዛ ትምጣ፤ አለበለዚያ አባትሽ ጾሙን ያድራል።»

ሰርካለም ስሟ ከአጥሩ ባሻገር ሲጠራ ሮጣ መጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ «እንደምን አመሻችሁ፣ እትዬ ሀያት» ብላ ጎንበስ ስትል ሀያት ስባ ጉንጮቿን ሳመቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት። ሁለቱ ዳቦዎች በአንድ ሳህን ላይ ተቀመጡ፤ ሳህኑም ጠበባቸው።

ፈርሂያ እንደ ልማዷ ስልኳን አወጣችና አነሣቻቸው። ጣቷ ኢሞን ከፍቶ «እማ» የሚለው ስም ላይ ደረሰ። ቀና አለች። እናቷ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ታላምጣለች።

«ምነው፣ አትልኪውም እንዴ?» አለች ሰርካለም።

ፈርሂያ ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው። ከጠማማው ዳቦ ከመሀሉ፣ ጨዉ ሳይበዛም ሳያንስም ይሆናል ብላ ካሰበችው ቦታ ቆረሰች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ፣ «እማ፣ አፍሽን ክፈቺ» አለቻት።