መሰረዝ የማያውቀው ስክሪን

የጠፈር መርከቧ ከሠራተኞቿ ጋር የምትነጋገረው በጽሑፍ ብቻ ነበር። ድምፅና ምስል ኃይል ይበላሉ ተብለው ገና ከምድር ስትነሣ ቀርተዋል። ስለ አየሩም፣ ስለ ሙቀቱም፣ ስለ ሞተሩም የሚነገረው ሁሉ በየክፍሉ በተሰቀሉ ጥቋቁር ስክሪኖች ላይ መስመር በመስመር ይወርዳል። እነዚህን ስክሪኖች የምትጠግነው ትርንጎ ናት። ሙያውን ያስተማራት የመርከቧ አዛዥ በላቸው ነው፤ እንደ አባት ስለምታየው "ጋሼ፣ እርስዎ" ትለዋለች።

አንድ ቀን የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ተቃጠለ። ትርንጎ ከዕቃ ማከማቻ አንድ አሮጌ ስክሪን አውጥታ ገጠመች። አሮጌው የላኩለትን ከላይ ወደ ታች ከመጻፍ በቀር ሌላ አይችልም፤ የጻፈውን ተመልሶ መሰረዝ አያውቅም። ሠራልኝ ብላ ልትሄድ ስትል የአየር ግፊቱን ከሚነግረው መስመር ሥር እንዲህ የሚል ወረደ፦

"ከምድር ለትርንጎ። እህትሽ ዘነቡ ነኝ። ዛሬም እየጠበቅንሽ ነው። እባክሽ መልሺልኝ።"

ምድር ድምፅዋን ካጠፋች ስድስት ዓመት አልፏል። የምድር ሰው ሁሉ አለቀ ተብሎ የመርከቧ ሠራተኞች ሐዘን ተቀምጠዋል፤ ትርንጎም እህቷን አልቅሳ ቀብራታለች።

ከመልእክቱ ጎን ለሌላ ሰው ትርጉም የማይሰጡ ምልክቶች ተጽፈዋል። እሷ ግን አወቀቻቸው። "ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ፤ መስመሩን አጥፋ" የሚሉ ናቸው። ሌሎቹ ስክሪኖች ትእዛዙን ፈጽመው መልእክቱን ወዲያው ያጠፉታል፤ አሮጌው ግን ትእዛዙንም እንደ ጽሑፍ ጻፈው። ያንን ትእዛዝ ከስድስት ዓመት በፊት የጻፈችው ራሷ ነበረች። በላቸው የተበላሹ ምልክቶች እየገቡ ሰዉን አደናገሩ፣ አጥሪልኝ ብሏት በአንድ ቀን ጨርሳ፣ ሲያመሰግናት ደስ ብሏት ነበር። ለካ የተበላሹ ያላቸው የምድር መልእክቶች ነበሩ።

ቢሮው ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። አልካደም። መርከቧ መመለስ እንደማትችል፣ ከምድር ቃል በመጣ ቁጥር ሰዉ ሥራውን ጥሎ ሲያለቅስ እንደሚውል፣ አንዱም ራሱን ሊያጠፋ ሲል እንደደረሱበት ቀስ ብሎ ነገራት።

"በእኔ እጅ ግን?" አለች። "አንተን አምኜ በጻፍኩት?"

ከተዋወቁ ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም።

ትርንጎ በቀጥታ ሄዳ ትእዛዙን አነሣችው። የምድር መስመሮች በየክፍሉ መውረድ ጀመሩ። ጩኸት ጠበቀች፤ ሰዎች እየተቃቀፉ ሲወጡ ለማየት በኮሪደሩ ቆመች። አንድም በር አልተከፈተም። በየበሩ መስታወት በኩል ስታይ ሁሉም ፊታቸውን ከስክሪኑ አዙረው ተቀምጠዋል።

በመጨረሻ ሐኪሙ አዱኛ ወጣ።

"ትርንጎ፣ መልሰሽ አጥፊልን" አላት።

"ምን መሆኑን አንብበኸዋል?"

"አውቀዋለሁ። ያኔም በላቸውን የለመንነው እኛ ነን፤ ሁላችንም። እንቢ እንደምትይ ስለምናውቅ ላንቺ ብቻ አልተነገረም።"

ትርንጎ ሐዘን ተቀምጠው አብረዋት ሲያለቅሱ የነበሩትን አንድ በአንድ አስታወሰቻቸው። በላቸው ይህን ሁሉ በራሱ ላይ ወስዶ ዝም ማለቱም ገባት፤ ንዴቷን ግን አላበረደውም። ሰው እውነቱን ሲነጥቁት ይቆጣል ብላ ታስብ ነበር። ንጠቁኝ ብሎ ይለምናል ብላ አልጠረጠረችም።

ትእዛዙን መልሳ የየክፍሉን ስክሪን እንደ ነበር አደረገችላቸው። ከዚያ መቆጣጠሪያ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከመርከቧ መቶ ሰው መካከል ብቻዋን፣ ከማይሰርዘው አሮጌ ስክሪን ፊት ተቀምጣ፣ ለእህቷ መልስ መጻፍ ጀመረች።