አለሁ የሚል ሸክላ

«ያንን ስልክ አጥፋው ዘሪሁን። ፊትህ ላይ እያበራህ ታሪክ አትሰማም።»

ጋሽ ምንውየለት ናቸው። መብራት ሄዷል፤ የፎቃችን ሰዎች ደረጃው ላይ ተኮልኩለናል። ስልኩ ጠፋ።

«ሰዓቱ እንዲህ ነበር። ሰው የተኛበት፣ ውሻ ያልተኛበት። ድሮ ነው። ከወንዝ የሚወጣ አንድ መንገድ አለ፤ ጠባብ፣ ጭቃ፣ ግራ ቀኙ ቤት የሌለበት። መጨረሻው ላይ አንድ ቤት። በኮምፔርሳቶ ለሁለት የተከፈለ። በወዲህ በኩል ንጋቱ የሚባል ሰው፣ በወዲያ እኅቱ አስካለ። እናታቸው ‹ለሁለታችሁ› ብላ ሞተች። ለሁለት የሚባል ነገር አለ? ለሚዋደዱ አለ። እነዚህ አይዋደዱም። እሷ ስታስል ‹አትጨርሺውም?› ይላታል። እሱ ሲያንኮራፋ ግድግዳውን በጫማ ትደበድባለች።

እንግዲህ የከተማው ሙዚየም ስለ ጥንት ግብፆች በእጃችሁ እየሠራችሁ ተማሩ ብሎ ሰው ጠራ። ሥራ የፈታ ሁሉ ሄደ። ንጋቱም ሄደ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ በጨው ቀብረው በፋሻ ይጠቀልላሉ፤ ሬሳ እንዴት እንደማይበሰብስ ለማየት። ሌላው ላይ ከሸክላ ጭቃ ትንንሽ ሰው ይሠራሉ። አስተማሪዋ እንዲህ አለች፦ ‹ግብፆች ከሞትም በኋላ ሥራ አለ ብለው ያምኑ ነበር። ማረስ፣ አሸዋ መሸከም። ስለዚህ ከሬሳው ጋር ምትክ ይቀብራሉ። ሟቹ ለሥራ ሲጠራ ምትኩ አለሁ ይላል። የሚሄደው አለሁ ያለው ነው። በሉ፣ የራሳችሁን ስም ጻፉበት።›

የራሳችሁን ነው ያለችው። ሰማችሁ? ንጋቱ ምን ጻፈ? ወለተ ሐና። የአስካለን የክርስትና ስም። ለጠንቋይ ጆሮ እንዳይደርስ የሚደበቀውን ስም።

‹ማናት?› አለችው አስተማሪዋ።

‹ሠራተኛዬ› አላት።

ሳቀች። እናንተም ሳቁ። ሸክላውን ይዞ ገባ፤ መስኮቱ ላይ አቆመው።

በዚያው ሌሊት ከወንዙ በኩል ድምፅ መጣ። ሩቅ ነው። ‹ንጋቱ።› ሌሊት ስምህን ሲጠሩህ ምን ታደርጋለህ? ዝም ትላለህ። ንጋቱም ዝም አለ። ከግድግዳው ማዶ ግን አስካለ ‹አቤት› አለች። በእንቅልፍ ልቧ። በሯ ተከፈተ። እግሯ መንገዱን ይዞ ወረደ።

ጠዋት መዳፏ ተልጧል። ጥፍሯ ውስጥ አሸዋ አለ። ‹የት ነበርኩ?› አለችው።

‹እኔ ዘበኛሽ ነኝ?›

በማግስቱም ተጠራ። አሁን መንገዱ አጋማሽ ላይ። ከዚያ አጥሩ ጋ። ከድምፁ ኋላ ኮቴ መጣ፤ ብዙ ኮቴ፣ እኩል የሚረግጥ። ከኮቴው ኋላ የእርጥብ አፈር ሽታ። ንጋቱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያዳምጣል። እሷ ትሄዳለች። እሷ ትመነምናለች።»

«ስሙን ፍቆ አያጠፋውም?» አለ ዘሪሁን።

«ለምን ብሎ? ኮምፔርሳቶው ሲነሳ ቤቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ እያሰላ ነው እኮ። ቀድሞ ራሱ አቤት ቢል እሷ ትተርፍ ነበር። አላለም። አንተ ትል ነበር? እንጃልህ።

አንድ ሌሊት ጥሪው ሳይመጣ በሩ ተንኳኳ።

‹ማነው?›

‹እኔ ነኝ ወንድሜ። ውኃ ስጠኝ።›

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ወንድሜ ብላው አታውቅም። ከፈተ። አስካለ ቆማለች። ከትናንቱ ሥራ እስከ ክርኗ ጭቃ ናት። ፊቷ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከኋላዋ ጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ። ንጋቱ ለማየት አንገቱን አወጣ። ከዚያ አንድ እግሩን። ከዚያ ሌላውን። እሷ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች።

‹ንጋቱ።›

አጠገቡ ነው። ጆሮው ሥር።

ዞሮ አያት። ዛሬ አልተኛችም፤ አፏን ገጥማለች።

‹አቤት በይ እንጂ› አላት።

‹የጠሩት አንተን ነው› አለችው።

በሩ ተዘጋ።»