የማሙሽ ማር

ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው መብራት ማለዳ ሲመጣ የሞተ ሰው ሱቅ መዝፈን ጀመረ። ቦንጋ ገበያ ጥግ ያለው የማሙሽ ዘፈን መጫኛ ነበር። ጎረቤቱ ጃፈር፣ ሞባይል ሻጩ፣ «ቀንሰው እንጂ! ገና ከሱብሒ ሶላት መመለሳችን ነው!» እያለ በሩን ቢገፋው ተከፈተ። ማሙሽ ወለሉ ላይ ተዘርሯል፤ ከራሱ አጠገብ ደም የነካው የመብራት ስታቢላይዘር ወድቋል። ማጉያው ላይ የተሰካው ፍላሽ ግን ምን ገዶት፣ ስለ ማር ይዘፍናል።

ኢንስፔክተር አበዛሽ ስትደርስ ጣቢያው ገዳዩን ይዞ ጨርሷል፤ ይዣለሁ ማለት ቀላል ነው። የታሰረው ዘፋኙ አምባው ነው። የአልበሙ ዋና ዘፈን ገና ሳይወጣ ማሙሽ እጅ ገብቶ በብሉቱዝ ከባጃጅ ባጃጅ ሲዛመት፣ በፌስቡክ «እጄን ባላነሳብህ የአባቴ ልጅ አይደለሁም» ብሎ ጽፎ ነበር። ያን ሰሞን አገሩ ስብሰባ ላይ አንድ ለአምስት ተጠርንፎ ዝም ይላል፤ ፌስቡክ ላይ ሲገባ ግን ሁሉም አንበሳ ነው። ግማሹ «የቅጂ መብት ይከበር» ይላል፤ ግማሹ «ዘፈን የወንዝ ውሃ ነው፣ የጠማው ይጠጣ» ይላል። ማሙሽም ከመሞቱ በፊት እንዲህ ብሎ ለጥፏል፤ «ዘፈኑን ማን እንደሰጠኝ ነገ እናገራለሁ። አምባው መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ይላል።»

«ይሄን ሰው የገደለው ‹ነገ› ያለው አፉ ነው» አለች አበዛሽ። ወደ ጃፈር ዞረች። «ለመሆኑ ይሄ ዘፈን ምን ይላል?»

«‹የማሙሽ ማር› ነዋ፣ እትዬ።» ሳቁን ዋጠው። «በጫነው ሁሉ ላይ ‹ማሙሽ!› የሚል ድምፁን ይለጥፍበታል፣ ሌላ ጫኚ እንዳይወስድበት። እዚህኛው ላይ ድምፁ ግጥሙ መሃል ገብቶ አንድ ቃል በላ። ልጆቹም እንዲያው ይዘፍኑታል።»

«ሌባ ሌባን ይፈራል በለኛ!»

«ወላሂ ይፈራል! ስሙ የሌለበትን በማጉያ አያሰማም። በር ላይ ቆመው በስልክ ይቀዱብኛል ይል ነበር።»

ዘፈኑ ዞሮ መጣ። አበዛሽ ጆሮዋን አስጠጋች። «የማንኪራ ማር» አለ፣ ጥርት ብሎ። የማሙሽ ድምፅ የለበትም።

መምህር ወርቅአፈራሁን አስጠራች። የአምባውን ግጥም የሚያርመው፣ በፌስቡክም የቅጂ መብት ጠበቃ ነኝ ባዩ እሱ ነው።

«ተሳስተዋል፣ ‹የቦንጋ ማር› ነው የሚለው» አላት። «ስቱዲዮ ሲገባ እኔ ነኝ ያስለወጥኩት። ማንኪራ የሚባል ገጠር ማን ያውቃል?»

«የማንኪራ ሰው» አለችው።

አምባው እስር ቤት ውስጥ በአባቱ በእናቱ እየማለ ይክዳል። «የስቱዲዮ ልምምዴን ነው የሰረቁብኝ። የሰጠውን ሰው ስም ብሰማ ይበቃኝ ነበር» አላት።

«ሱቁ ዛሬ ጠዋት ‹የማንኪራ ማር› እያለ ሲዘፍን ነበር» አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

«በምን?»

«በ… በድንጋይ።»

«እሱን ድንጋይ ለዳኛው ከየት ላምጣልህ?» አለችና ወጣች። እውነት የሚያስተባብል ሰው አይታለች፤ ውሸትን ለምኖ የሚሸከም ግን ልቧን አከበደው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጃፈር አለ፣ መምህሩ አለ፣ አምባው ካቴናውን እንዳጠለቀ ቆሟል። የአምባው ሚስት በዛወርቅም ለባሏ የቋጠረችውን ምሳ እንደያዘች መጣች።

«ማሙሽ ሰጪውን አጋልጣለሁ አለ» ስትል ጀመረች አበዛሽ። «አምባው ያን ስም ለመስማት የቋመጠ ሰው ነው። ሳይሰማ የማሙሽን አፍ ለምን ይዘጋዋል? የሚፈራውስ ሰጪው ነው።»

«እውነት ነው» አለ መምህሩ።

«ሲጠየቁ ይናገራሉ» አለችው። «ይሄ ፍላሽ የማሙሽ ድምፅ የለበትም። ማሙሽ ደግሞ ያለ ስሙ አያዘፍንም፣ ስለዚህ የሰካው ሌላ እጅ ነው። ሲዘፍን መብራት ጠፋ፤ ጠዋት መብራቱ ሲመጣ ማጉያው ካቆመበት ጀመረ። ስቱዲዮ የተዘፈነው ‹ቦንጋ› ይላል፣ ከተማው ‹ማሙሽ› ይላል። ‹ማንኪራ› የሚለው ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ የተቀዳው ብቻ ነው። አምባው ይሄን ስነግረው ገዳዩ ማን እንደሆነ ገባው፤ ጥፋቱን በራሱ ላይ ደረበ። በምን እንደተመታ ግን አያውቅም። አልነበረማ!» ወደ በዛወርቅ ዞረች። «የት አገር ነሽ፣ ልጄ?»

«አትመልሺላት!» ጮኸ አምባው።

በዛወርቅ የምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጠች። «የማንኪራ ልጅ ነኝ፣ እትዬ። ስንጋባ ለኔ የዘፈነው ነው፤ አገሬን ጠርቶ። ስቱዲዮ ሄዶ አገሬን ፍቆ መጣ። አልሸጥኩትም፤ ሰው አንድ ጊዜ ማንኪራን ይስማ ብዬ ነው የሰጠሁት። ማሙሽ ደግሞ በላዩ ስሙን ለጠፈበት። አንሳልኝ ብዬ መጣሁ፤ የራሴን ፍላሽ ሰክቼ፣ እንዲህ ነው የሚለው፣ ስማው አልኩት። ሳቀብኝ። ‹እንግዲህ አንቺም የማሙሽ ማር ነሽ፤ ነገ ለባልሽ እነግረዋለሁ› አለኝ። ያን ጊዜ ስታቢላይዘሩን አነሳሁት። መብራቱም ጠፋ።»

ካቴናው ከባል እጅ ወልቆ ሚስት እጅ ላይ ገባ።

«ጃፈር፣ ዘፈኑን ከየስልኩ ማጥፋት አይቻልም?» አለ አምባው፣ ነፃ የወጣው ሰው።

«ጋሽ አምባው፣ ጅማ ገብቷል፣ ሚዛን አልፏል። ማን ቤት ሄደን እናጠፋዋለን?»

አበዛሽ ፍላሹን ነቅላ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ዘፈኑ ቤት ውስጥ የተቀዳበትን የበዛወርቅን ስልክም ጨመረችበት።

«እሱንስ መቼ ትመልሱልኛላችሁ? ማንኪራ የሚለው እሱ ብቻ ነው» አለ አምባው።

«ኤግዚቢት ነው፣ ማስረጃ። ፍርዱ ሲያልቅ» አለችው። የጣቢያውን ዕቃ ክፍል ታውቀዋለች፤ ከገባው ዕቃ የወጣ አላየችም። ፖስታውን አሸገችው።

በዛወርቅን ይዘው ሲወጡ አንዲት ባጃጅ ማጉያዋን ለቅቃ አጠገባቸው አለፈች። «የ… ማሙሽ!… ማር» እያለች ዳገቱን ወጣች። በዛወርቅ ጆሮዋን ልትይዝ ፈለገች፤ እጆቿ ታስረዋል።